ገበያና በዓል በየሥርዓታቸው

የነቢያት ጾም በኅዳር 15 ቀን ገብቶ፥ የጌታችን የልደት በዓል ወደሚውልበት ወደ ታኅሣሥ 29፥ በዘመነ ዮሐንስም ወደ ታኅሣሥ 28 ቀን በተቃረበ ጊዜ፥ በአዲስ አበባ ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሁለት ዓይነት መሰናዶ ጎን ለጎን ይታያል። በጎፋ ገብርኤል፥ በብሥራተ ገብርኤልና በሌሎቹም አድባራት ካህናቱ ለሌሊቱ ማኅሌትና ለቅዳሴው ይሰናዳሉ፤ ሕዝበ ክርስቲያኑም ጾሙን ለመፈጸም ይተጋል። በመንገዱ ዳርና በየሱቁ ደግሞ በጉና ዶሮው፥ ቅቤውና እንቁላሉ፥ ልብሱና ጌጡ ለገዢ ይቀርባል። ሁለቱም መሰናዶ ስለ አንድ በዓል የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ከሁለቱ የትኛው ጌታ፥ የትኛውስ አገልጋይ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ገበያ በራሱ ነውር የለበትም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነው፤ በግ ነጂውም ከሩቅ አገር መጥቶ በላቡ የሚያድር ነው። ሰብአ ሰገልም ወደ ቤተ ልሔም በመጡ ጊዜ ወርቅና ዕጣን ከርቤም ይዘው መጡ እንጂ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ወርቁ ግን በሕፃኑ እግር ሥር ተቀመጠ እንጂ ሕፃኑን ሸፍኖ እንዳይታይ አላደረገውም። ስለዚህ የክርስትና ትምህርት ገንዘብን የሚነቅፈው ገንዘብ በመሆኑ አይደለም፤ ከቦታው አልፎ በእግዚአብሔር ቦታ በተቀመጠ ጊዜ ነው።

ይህን ነገር በቃል ሳይሆን በግብር የሚያሳይ አንድ ሥራ በዚሁ ክፍለ ከተማ ተፈጽሟል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ በፒያሳ አጠገብ የነበረው የአትክልት ተራ ገበያ ሕዝብ እንዳይጨናነቅበት ሲባል ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር። ጃንሜዳ ጥር 10 ቀን የብዙ አድባራት ታቦታት ወርደው የሚያድሩበት፥ ጥር 11 ቀን ጥምቀት የሚከበርበት ቦታ ነው፤ በዓለ ጥምቀቱም በዚያው በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል። ገበያው በሜዳው ብዙ ወራት ከቆየ በኋላ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ማዕከል ተሠርቶ ንግዱ ወደዚያ ተዛወረ፤ ሜዳውም ጸድቶ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት በቦታው ተከበረ። በዚህም ለገበያው የገበያ ቦታ፥ ለበዓሉም የበዓል ቦታ ተሰጠው።

የልብ ሜዳ ግን እንዲህ በአንድ ወር ሥራ የሚጸዳ አይደለም። ታኅሣሥ በኢትዮጵያ የበጋ ወር ሆኖ ሳለ፥ በየሱቁ ደጃፍ በረዶ እንዲመስል ጥጥ የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ጥድ ይቆማል፤ ቀይ ልብስ የለበሰ ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌም ሕዝቡን ዕቃ እንዲገዛ ይጋብዛል። የዚህ ሽማግሌ መነሻው በ4ኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ የሜራ ከተማ ጳጳስ የነበረው፥ ለድኾች በስውር በመስጠት የሚታወቀው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። በስውር መስጠቱ ተረስቶ በግልጥ መሸጡ ቀረ።

ይሁን እንጂ ከጌጡ ይልቅ የሚከፋው በጌጡ ምክንያት የሚመጣው እፍረት ነው። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው ጎረቤቱ በግ ሲጎትት ባየ ጊዜ፥ ልጆቹ እንዳያዝኑበት ተበድሮ ያርዳል፤ የታኅሣሥን የአንድ ቀን ደስታ እስከ መጋቢት ሲከፍል ይኖራል። ብድር ያላገኘውም በሩን ዘግቶ ይውላል። በከብቶች በረት የተወለደው ጌታ በሚታሰብበት ቀን ድኻ በድኽነቱ አፍሮ ከሰው ከተሸሸገ፥ የበዓሉ ስም ቀርቷል እንጂ ምሥጢሩ ተወስዷል።

ለዚህ ነገር መድኃኒቱ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። በጀሞ፥ በለቡ፥ በመካኒሳም ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ አርደውም ሥጋውን እኩል እኩል በመደብ ከፍለው በዕጣ ይካፈሉታል። ቅርጫ የሚባለው ይህ ሥርዓት በአንድ ድርሻ ለገቡት ሁሉ ለባለጠጋው ትልቅ፥ ለድኻው ትንሽ መደብ አያውቅም፤ ዕጣ ፊት አይቶ አያዳላምና። ነገር ግን የሚያዋጣው የሌለው ሰው ከደጅ ይቀራል። ዐሥር ሰዎች በሚካፈሉት በሬ ዐሥራ አንድ መደብ ቢወጣ፥ ከእያንዳንዱ ድርሻ የሚጎድለው ከዐሥራ አንድ እጅ አንዱ ብቻ ነው፤ ለዐሥራ አንደኛው ቤት ግን ይህ በዓሉ ራሱ ነው። ስሙም ከሌሎቹ ጋራ በዕጣው ቢገባ፥ እንደ ተመጽዋች ሳይሆን እንደ ባለ ድርሻ ተቆጥሮ መደቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ለተራበ እንጀራን ማካፈል እንደ ሆነ አስተምሯል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጠው ትርጓሜ፥ ቤተ ክርስቲያንን በወርቅ ዕቃ የሚያስጌጥ ሰው በረኃብተኛው አካል ያለውን ክርስቶስን እንዳይረሳ አስጠንቅቋል። የነፍስ አባት ይህን ትምህርት ጾሙ ሳይፈታ ለንስሐ ልጆቹ ቢነግር፥ የወረዳው ሹምም በአካባቢው በሩ የሚዘጋውን ቤት አስቀድሞ ቢያውቅ፥ የዕድሩ ዳኛም ስሙን ሳይገልጥ ወደ ቅርጫው ቢያስገባው፥ ሦስቱም የየድርሻቸውን ፈጸሙ ማለት ነው። ገበያው በማግሥቱ ይዘጋል፤ ጥዱም ተነቅሎ በመጋዘን ይቀመጣል። በዚያ ቀን የተከፈተ የድኻ በር ግን እስከሚመጣው ታኅሣሥ ድረስ ሳይዘጋ ሊቈይ ይችላል።