ዘራፍ! የማን አሽከር?

ያውቁ ኖሯል? አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። «አባ» እዚህ ላይ ባለቤት ማለት ነው እንጂ የነፍስ አባት ማለት አይደለም። (በዝብዝ የሚባል ፈረስ ከነሠራዊቱ ወደ መንደሩ ሲመጣ ያየ ገበሬ ምን ምን እንደሸሸገ መገመት አያቅትም።)

ዝርዝሩ ረጅም ነው። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ዓድዋ ላይ የወደቁት ፊታውራሪ ገበየሁ አባ ጎራው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። በኦሮሞ ፈረሰኞች ዘንድ ልማዱ ሥር የሰደደ ነው፤ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው፣ ያ ስም ዛሬም በከተማዋ እግር ኳስ ክለብ ውስጥ አለ። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ደግሞ ከሁሉም ርቆ ሄዷል። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ በእሱ ስም ተሰየመ። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ጣቢያም እስከተዘጋበት እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ቃኘው ጣቢያ ይባል ነበር። እዚያ ካገለገሉት አሜሪካውያን ስንቱ በሐረሩ ገዥ ፈረስ ስም ደብዳቤ እንደሚቀበል ያውቅ ኖሯል?

ያውቁ ኖሯል? ፉከራ ጉራ ብቻ አልነበረም፤ ውልም ነበር። ፎካሪው ወደ መሐል ይወጣል፣ ጋሻውን ወይም ጠመንጃውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፣ ድንገት ቀጥ ይልና «ዘራፍ!» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው የጌታው ስም ነው፦ «የአባ ዳኘው አሽከር!» ከዚያ አባቱንና አያቱን ይቆጥራል፣ የጣለውን ይዘረዝራል፣ ገና የሚያደርገውንም ይናገራል። ቀረርቶና ሽለላ በዜማ የሚንቆረቆሩ ሲሆኑ ፉከራ ግን እንደ ጥይት የሚወረወር ንግግር ነው። ከዘመቻ በፊት ግብር ላይ የተፎከረ ነገር በምስክር ፊት የተገባ ቃል ነው። ጠጁ አናቱ ላይ ወጥቶ የማይችለውን የተናገረ ሰው ከጦርነቱ ባዶ እጁን ሲመለስ የሚጠብቀውን ያውቀዋል፤ አዝማሪው አለ፣ ሴቶቹም አሉ። ከድል በኋላ የሚፎከረው ደግሞ ግዳይ እየተጣለ የሚቀርብ ዘገባ ነው። ጌታው ዝም ብሎ የሚሰማው ማን ሹመት፣ ማን ርስት እንደሚገባው ስለሚለይበት ነው።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ያ መጀመሪያ ላይ የሚጠራው ስም ነው። የጦር ጩኸት ጠላትን ለማስፈራት ነው ሲባል ኖሯል፤ ያስፈራልም። ነገር ግን ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ጋሻና ጦር ይዞ፣ አቧራና የባሩድ ጢስ ውስጥ ሲደበላለቅ፣ «የእገሌ ሰው ነኝ» ማለት በገዛ ወገን ጎራዴ ላለመሞትም ይጠቅማል። የሌላው ዓለም ጩኸትም ብዙውን ጊዜ የሚያዞረን ወደዚሁ ጥያቄ ነው፤ የማን ነህ?

ማስረጃ የፈለገ ሰራኩስን ያስብ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 የአቴና ጦር የሲሲሊዋን ከተማ ለመያዝ በጨረቃ ብርሃን ኤፒፖሌ የተባለውን ከፍታ ወጣ። ሰው ይታያል፣ ማን እንደሆነ ግን አይለይም። አቴናውያኑ የምስጢር ቃላቸውን ደጋግመው በመጠየቅ ለጠላት አሳወቁት። የባሰው ቀጥሎ መጣ። ከእነሱ ጋር የተሰለፉት አርጎሳውያንና ኮርፉዎች የሚያሰሙት የጦር ዜማ ከሰራኩሳውያኑ ዜማ ጋር አንድ ነበር። ዜማው በተሰማ ቁጥር አቴናውያኑ ጠላት ከኋላ የመጣ እየመሰላቸው ተሸበሩ፣ ወዳጅ ከወዳጅ ተጋደለ፣ ብዙው ከገደል ወደቀ። ይህን የጻፈልን የአቴናው ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የጦር ጩኸት በአዋጅ የተከለከለበት አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1495 አየርላንድ ውስጥ የእንግሊዙ ሹም ኤድዋርድ ፖይኒንግስ የሰበሰበው ፓርላማ የኪልዴር ፊትዝጄራልዶች «ክሮማቡ»፣ የበትለር ቤተሰብ ሰዎች ደግሞ «በትለራቡ» እያሉ እንዳይጮኹ ደነገገ። የሚጠራው ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም የእንግሊዝ ንጉሥ ብቻ ይሁን ተባለ። ሕጉ የወጣው ጩኸቱ ጆሮ ስለሚያደነቁር አይደለም፤ ንጉሡ ሰዎቹ የማን አሽከር መሆናቸው ስለከነከነው ነው። ክሮም ሊመሪክ አውራጃ ያለ የፊትዝጄራልዶች ግንብ ነው። ሕጉም ጩኸቱን አልገደለውም፤ ዛሬም የቤተሰቡ አርማ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ቅዱስ ጊዮርጊስን ካነሣን አይቀር፣ የእንግሊዝ ወታደር በመካከለኛው ዘመን የሚጣራው ሰማዕት ታቦቱ ወደ ዓድዋ የዘመተው ያው ሰማዕት ነው። የካቲት 23 ቀን ውጊያው የተገጠመውም በወርኃዊ በዓሉ ነበር። የዚያ ዘመን የጣሊያን ወታደርም ለጥቃት ሲነሣ የሚጠራ ስም ነበረው፦ «ሳቮያ!» የንጉሡ ቤት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ጣሊያኖች በሕዝብ ድምፅ ዘውዱን ሲያስወግዱ የሚጠራው ቤት አብሮ ሄደ።

ፋሺስቶቹ የሚጮኹት ሌላ ነበር። በጥንት ግሪክ ተዋጊዎች «አላላ» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ባለቅኔው ፒንዳር አላላን የጦርነት ልጅ ያደርጋታል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ጣሊያናዊው ባለቅኔ ገብርኤሌ ዳኑንዚዮ የአውሮፕላን አብራሪዎቹን «ሁራ» ማለቱን ተዉና የራሳችን ይኑረን ብሎ «ኤያ፣ ኤያ፣ ኤያ! አላላ!» የሚለውን አስተማራቸው። ሙሶሊኒ ወሰደው። በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ የዘመቱት ጥቁር ሸሚዞች የያዙት ጩኸት እንግዲህ ከግሪክ በቅኔ ተበድሮ የመጣ ነው።

ፈጠን እንበል። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደጻፈው ጀርመኖች ከውጊያ በፊት ሲያጉረመርሙ ጋሻቸውን አፋቸው ላይ ይደግኑ ነበር፣ ድምፁ ተመልሶ እንዲወፍር። የውጊያውንም ውጤት ከድምፁ ይተነብዩ ነበር። በኋላ ሮማውያን ራሳቸው ጩኸቱን ወረሱት።

የካታሎንያ ቅጥረኛ ወታደሮች፣ አልሞጋቫር የሚባሉት፣ «ብረት ሆይ፣ ንቃ!» እያሉ መሣሪያቸውን ከድንጋይ ጋር ያፋጩ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ራሞን ሙንታኔር እ.ኤ.አ. በ1300 ሲሲሊ ውስጥ በሆነ ውጊያ ከየድንጋዩ የሚፈናጠረውን የእሳት ብልጭታና የፈረንሳዮቹን መደንገጥ ይተርካል።

የኔፓል ጉርካዎች ጩኸት በግልጽ የመምጣት ዜና ነው፤ «ጉርካዎች መጡ!» ይላል።

ዝምታም ያስፈራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 በንጉሡ ወንድሙ ላይ የተነሣው የፋርስ ልዑል ትንሹ ቂሮስ ለግሪክ ቅጥረኞቹ፣ የወንድሜ ጦር እየጮኸ ይመጣል፣ ጩኸቱን ከቻላችሁ ሌላው ቀላል ነው ብሏቸው ነበር። ኩናክሳ ላይ ያ ሁሉ ሠራዊት ኮሽታ ሳያሰማ፣ በቀስታ፣ እግሩን አስተካክሎ መጣ። እዚያ የነበረው ዜኖፎን ይህን ሳይታዘብ አላለፈም። የጮኹት ግሪኮቹ ራሳቸው ሆኑ፤ አንዳንዶቹም ፈረሶቹን ለማስደንበር ጋሻቸውን በጦር ይመቱ ነበር። እነሱ በበኩላቸው አሸነፉ፣ ቂሮስ ግን በዚያው ቀን ሞተ።

ወደ አፍሪካ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1879 ኢሳንድልዋና ላይ የእንግሊዝን ጦር የደመሰሱት ዙሉዎች «ኡሱቱ!» ይሉ ነበር። ኡሱቱ የንጉሥ ሴቴዋዮ ወገን መጠሪያ ነው፤ በ1856 ከወንድሙ ጋር ለዙፋን ሲፋለም ተከታዮቹ የተለዩበት። ስሙ ፔዲ ከሚባሉት ሕዝቦች ከተነዱ ከብቶች መጣ ተብሎ ይነገራል። እኛ በፈረስ፣ እነሱ በከብት!

አሁን ወደ እንግዳው እንሂድ፤ ከአውሮፕላን ሲዘለል የሚጮኸው «ጄሮኒሞ!» ማለቴ ነው። በነሐሴ 1940 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ግዛት ፎርት ቤኒንግ ሰፈር የአሜሪካ ጦር የፓራሹት ዝላይን በጥቂት ሰዎች ይሞክር ነበር። ከአንድ ዝላይ በፊት በነበረው ምሽት ወታደሮቹ ስለ አፓቺው ተዋጊ ጄሮኒሞ የተሠራ ፊልም አይተው ቢራቸውን ጠጡ። ጓደኞቹ ኦብሪ ኤበርሃርት የተባለውን ተራ ወታደር ያዙት፤ ነገ ከድንጋጤህ ብዛት የገዛ ስምህ ይጠፋሃል አሉት። እሱም ሲዘል «ጄሮኒሞ!» ብሎ እንደሚጮህ፣ እነሱም እንደሚሰሙት ነገራቸው። በማግሥቱ ዘለለ፣ ጮኸም፣ ተሰማም። ይህም ያው በመጠጥ ላይ የተፎከረ ፉከራ ነው፤ ልዩነቱ ፎካሪው የጌታውን ስም ሳይሆን የፊልም ስም መጥራቱ ነው። ብዙም ሳይቆይ 501ኛው የፓራሹት ሻለቃ ስሙን አርማው ላይ አኖረው።

ስሙ የተጠራው ሰው ግን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። «ጄሮኒሞ»ም ሜክሲኮዎች ያወጡለት ነው፤ በገዛ ቋንቋው ጎያክላ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 አሪዞና ውስጥ ለዚያው ለአሜሪካ ጦር እጁን ሰጠ፣ ከዚያ በኋላም እስከ ዕለተ ሞቱ የጦር እስረኛ ነበር። በ1904 ሴይንት ሉዊስ በተደረገው የዓለም ትርኢት ላይ ፊርማውን እየሸጠ ታይቷል። በ1905 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በዓለ ሲመት ሰልፍ ላይ ፈረስ ጋለበ፤ ወገኖቹን ወደ አገራቸው እንዲመልሱለት ለመነ፣ እሺ አላሉትም። በ1909 ፎርት ሲል ውስጥ ሞተ። የማረከው ጦር ልጆች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ድፍረት ያገኙት ስሙን በመጥራት ነው። በ2011 ኦሳማ ቢን ላደንን ለመግደል በተደረገው ዘመቻ ያው ስም የምስጢር መጠሪያ ሲሆን ግን የአፓቺ መሪዎች ይቅርታ ይጠየቀን አሉ።

ኒው ዚላንዳውያን ይህን የባለቤትነት ነገር በሕግ ጨርሰውታል። የአገሪቱ የራግቢ ቡድን ከግጥሚያ በፊት የሚያሰማውን «ካ ማቴ» ብዙ ሰው የጦር ጩኸት ያደርገዋል። የደረሰው ግን ቴ ራውፓራሃ የተባለ የማኦሪ አለቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ከጠላቶቹ ሸሽቶ የስኳር ድንች ማከማቻ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ከተረፈ በኋላ ለመትረፉ ደስታ። በ2014 በወጣው ሕግ መሠረት «ካ ማቴ»ን በፊልም ወይም ለንግድ በሚታተም ሥራ የሚጠቀም ሰው ደራሲው ቴ ራውፓራሃ፣ የንጋቲ ቶአ አለቃ መሆኑን መግለጽ አለበት።