መሄጃ ያጣው ንጉሥ

በቼዝ ክበባችን ውድድር የመጨረሻው ጨዋታ እኩል ለእኩል ነው ሲባል ብዙ ተመልካች "ይሄማ ማጭበርበር ነው!" ብሎ ጮኋል። እስካሁንም በዕረፍት ሰዓት ክርክሩ አልበረደም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ስላየሁ ላስረዳችሁ።

ሰሌዳ ከሌላችሁ ደብተር ላይ 64 ቤት ሥሩና በቆርኪ ተከተሉኝ። ጥቁር የያዘችው የስድስተኛ ክፍሏ ልጅ የቀራት ንጉሥ ብቻ ነው፤ እሱም ጥግ ገብቶ ኤች8 ላይ ቆሟል። ነጭ የያዘው የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ንጉሡ ኤፍ5፣ ንግሥቱ ጂ5 ላይ ናቸው። ተራው የሱ ነው። ካሸነፈ 1 ነጥብ አግኝቶ አንደኛ ይወጣል። እሱም ቸኩሎ ንግሥቱን አንድ ቤት ወደ ፊት ገፋት፤ ጂ6። እኔ ታይቶኛል፤ ግን ተመልካች መናገር ክልክል ስለሆነ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ።

ልጅቷ ሰሌዳውን ትንሽ አየችና "ቼክ አላልከኝም፤ መሄጃም የለኝም" አለችው። ዳኛው መጥተው አዩ፤ ግማሽ ግማሽ ነጥብ ሰጡ። ልጁ ሁለተኛ ሆነ።

ለምን? ንግሥቷ ጂ7ን፣ ጂ8ንና ኤች7ን ሦስቱንም ዘግታለች፤ ኤች8ን ግን አትነካም። ንጉሡ ቼክ ሳይባል መሄጃ ካጣና ሌላ የሚንቀሳቀስ ጠጠር ከሌለ ስቴልሜት ይባላል፤ ጨዋታው እዚያው በእኩል ያልቃል። "መልሼ ልጫወት" አይሠራም።

የጩኸቱ ምክንያት ዳማ ይመስለኛል። እዚህ ሳሪስ አቦ ዳማ የማይጫወት ልጅ የለም፤ በዳማ ደግሞ መሄጃ ያጣ ተሸነፈ ነው። ቼዝ ግን ንጉሡ ተይዞ ማምለጫ ሲያጣ ነው የሚሸነፈው። ደግሞ ሕጉ ሁሌም እንዲህ አልነበረም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ስቴልሜት ያደረገው ሰው ራሱ ይሸነፍ ነበር! በድሮው የኛ ሰንጠረዥ በንግሥት ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለሚሄድ፣ ብቻውን ይህን ያህል ቤት አይዘጋም።

ልጁ ማሸነፍ ይችል ነበር። ንግሥቱን ኢ7 ያድርግ፤ ጥቁር ጂ8 ትሄዳለች። ንጉሡን ጂ6 ያምጣ፤ ጥቁር ወደ ኤች8 ትመለሳለች። ከዚያ ንግሥቱን ጂ7፣ ቼክሜት! በቆርኪ ሞክሩት፤ ጥቁር በየተራዋ ያላት መሄጃ አንድ ብቻ ነው።