ከሰኔ በፊት የጎረቤትን ጣራ እንይ

የጅማ ዝናም ለቡናው በረከት ነው፤ ለአሮጌ የጭቃ ቤት ግን ጠላት ነው። በጊንጆ ሰፈር በዛገ ቆርቆሮ የሾለከ ውሃ በመጀመሪያ ምርጊቱን ያረግፋል፤ ቀጥሎ ማገሩን ያበሰብሳል፤ በመጨረሻም ምሰሶውን ያዘነብላል።

በከተሞቻችን እንዲህ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ናቸው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለድኻ የሚቻል ሆነ፤ ነገር ግን ከጥቂት ብር የእድሳት ገንዘብ አይተርፍምና፣ ተከራዩ «የመንግሥት ነው»፣ ቀበሌው «በጀት የለም» ሲባባሉ ቤቱ አረጀ።

ነዋሪው 20 በመቶውን ቆጥቦ 80 በመቶውን በባንክ ብድር የሚከፍልበት የኮንዶሚኒየም ዕቅድ ለብዙ ቤተሰብ የራሱን በር አስከፍቷል። የምትቆጥበው ለሌላት ባልቴት ግን ዛሬ የሚያስፈልጋት ጥቂት ቆርቆሮና ምስማር ነው።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ብዙዎች በየቤታቸው አንጻር ያለውን ጠገኑ። እኛም ለቀበሌው አሳውቀን እንዲሁ እናድርግ። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ወገኑን አልጠየቀምና፣ የጎረቤታችንን ሃይማኖት አንጠይቅ። ለሙት ድንኳን የሚተክለው ዕድራችንም ለሕያው ጣራ ይክደን።