መዝገቡ አንድ፥ መስኮቱ ለየሠራተኛው
በደብረ ታቦር ከሚገኝ ንግድ ቤት ጸሐፊ



ነጋዴ ዕቃውን በመጋዘን፥ ገንዘቡን በባንክ፥ ቃሉን በመዝገብ ያኖራል። ዕቃ ቢጐድል ይተካል፥ ገንዘብም ቢዘገይ ይከፈላል፤ ቃሉ የታጠፈበት ደንበኛ ግን በቀላሉ አይመለስም። ዛሬ በብዙ ንግድ ቤት ይህ መዝገብ ከወረቀት ወጥቶ በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ ሆኗል፤ ጸሐፊውም፥ ገንዘብ ያዡም፥ መጋዘን ጠባቂውም በአንድ ጊዜ ይመለከቱታል። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ መስኮት ሲመለከቱ ምን ጉዳት እንደሚደርስ በራሴ ጥፋት ስለ ተማርኩት፥ ለሥራ ባልደረቦቼ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፋለሁ።

የማገለግልበት ንግድ ቤት በደብረ ታቦር ከተማ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፥ ቀለምና የውሃ ቧንቧ ዕቃ ያከፋፍላል፤ ከፎገራ ሩዝ፥ ከፋርጣም ድንች እየገዛ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይልካል። የደንበኞቻችንን ትእዛዝ ሁሉ የምንጽፈው ጉግል ሺትስ በሚባለው የጋራ ሰንጠረዥ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር አንድ ማለዳ፥ የወረታን ትእዛዞች ብቻ ለይቼ ማየት ፈለግሁና ማጣሪያ አደረግሁበት። የምሻውን አይቼ፥ ማጣሪያውን ሳላነሣ ወደ ባንክ ሄድሁ።

መጋዘን ጠባቂያችን ከዚያ በኋላ መዝገቡን ሲከፍቱ የታያቸው የወረታ ትእዛዝ ብቻ ነበር። ወደ ነፋስ መውጫ ሊሄድ የተወሰነው ሰማንያ ቆርቆሮ ከዓይናቸው ተሰውሯል። የጭነት መኪናው ሌላውን ዕቃ ይዞ ሄደ፤ ቆርቆሮው ቀረ። ደንበኛው ግን ዕቃው በዚያው ዕለት እንደሚደርስ በነገርነው መሠረት የአሮጌ ቤቱን ክዳን አስነሥቶ ይጠብቅ ነበር። በዚያች ሌሊት ዝናብ ጣለ።

በማግሥቱ ስልክ ሲደወልልን ጠባቂውን፥ «ጋሼ፥ የነፋስ መውጫው ቆርቆሮ ስለ ምን ቀረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ከመዝገቡ ላይ የለማ! የሌለውን ነገር ምን ብዬ ልጫን?» አሉኝ። እውነት ተናገሩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዕቃው በሁለተኛው ቀን ደረሰ፤ የንግድ ቤቱ ባለቤትም ከሒሳቡ ላይ ቅናሽ አደረጉለት፤ ነገር ግን የረጠበውን እህል ማድረቅ አልተቻለንም።

ማጣሪያና እይታ አንድ አይደሉም

ምክንያቱን ስመረምር ያገኘሁት ይህ ነው። በጋራ ሰንጠረዥ ላይ ተራውን ማጣሪያ ያደረገ ሰው፥ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ሰንጠረዡን ለሚመለከት ሰው ሁሉ ያደርገዋል። እርሱ የሰወረው ረድፍ ከሌላውም ይሰወራል። ከዚህ የተለየ ግን የማጣሪያ እይታ የሚባል አለ፤ በእንግሊዝኛው ዝርዝር «ዳታ» ከሚለው ሥር «ክሪኤት ፊልተር ቪው» ተብሎ ይገኛል። ይህ እይታ ስም ተሰጥቶት ለብቻው ይቀመጣል፤ የሚፈልገው ሰው ይከፍተዋል፥ የማይፈልገው ሙሉውን ሰንጠረዥ ያያል፤ የአንዱ ማየት የሌላውን አይከለክልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ ይታሰብ። እይታ ቅጂ አይደለም። በእይታ ውስጥ ሆኖ ሰማንያውን ወደ መቶ የለወጠ ሰው፥ የዋናውን መዝገብ ቁጥር ለውጧል። መስኮቱ ለየብቻ ቢሆንም ቤቱ አንድ ነው።

ነገሩ ለነጋዴ አዲስ አይደለም

ይህ አሳብ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር የሒሳብ አያያዝን ታሪክ ያስታውስ። ኢጣልያዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ነጋዴ ሦስት መዝገቦች እንዲኖሩት ጽፏል፤ እነርሱም የዕለት ማስታወሻ፥ የቀን መዝገብና ሌጀር ናቸው። ሌጀር ማለት በቀን መዝገብ ላይ በየቀኑ ቅደም ተከተል የተጻፈው ነገር በየደንበኛውና በየሒሳቡ ተለይቶ ሲደረደር ነው። እንግዲህ ነገሩ አንድ ሲሆን አደራደሩ ሁለት ነው። ልዩነቱ፥ ያን ጊዜ ጸሐፊው ከአንዱ ወደ ሌላው በእጁ ይገለብጥ ስለ ነበር በመገልበጥ ይሳሳታል፤ ዛሬ ግን ፕሮግራሙ ሳይገለብጥ ስለሚደረድር፥ ስሕተት የሚገባው እኛ ራሳችን ቅጂ ስናበዛ ነው።

አስመጪዎችና ላኪዎች የሆናችሁ አንባብያን ይህንኑ መሠረት በሌላ ስፍራ ታውቁታላችሁ። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት፥ ነጋዴው ሰነዱን በየመሥሪያ ቤቱ ይዞ እንዳይዞር፥ በአንድ በር አስገብቶ ልዩ ልዩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የየድርሻቸውን እንዲመለከቱበት የተዘጋጀ ነው። መንግሥት በታላቁ ያደረገውን ንግድ ቤትም በትንሹ ሊያደርገው ይችላል።

እይታ እንዴት ይሰናዳል

ከዚያ ጥፋት በኋላ በእኛ ቤት ያደረግነው የሚከተለው ነው። አስቀድመን ስለ ፕሮግራሙ ሳይሆን ስለ ሠራተኛው ጠየቅን፤ «ይህ ሰው ማለዳ መዝገቡን ሲከፍት የሚወስነው ነገር ምንድር ነው?» አልን። ለአንድ ውሳኔ አንድ እይታ ይበቃል። በዚህም መሠረት አራት እይታዎችን አዘጋጀን።

የመጀመሪያው የመጋዘን እይታ ነው፤ ዕቃው ተዘጋጅቶ የሚጫንበት ቀን የደረሰውን ትእዛዝ ብቻ ያሳያል። ሁለተኛው የገንዘብ ያዥ እይታ ነው፤ ያልተከፈለውን ሒሳብ፥ የመክፈያ ቀኑ ከቀደመው ጀምሮ ይደረድራል። ሦስተኛው የግዢ እይታ ነው፤ ከውጭ የታዘዘው ዕቃ በባንክ፥ በጅቡቲ፥ በደረቅ ወደብ ወይም በጉምሩክ እንዳለ በየደረጃው ይለያል። አራተኛው የባለቤቱ እይታ ነው፤ ቀኑ አልፎ ያልተፈጸመውን ጉዳይ ብቻ ያመለክታል። ባለቤቱ መቶ ረድፍ ለማንበብ ጊዜ የላቸውም፤ የዘገዩትን ሰባት ግን ቡናቸውን ሳይጨርሱ ይመለከቷቸዋል።

የእይታውም ስም ግልጽ ይሁን። «አዲስ 1» ወይም «የእኔ» የሚል ስም ከወር በኋላ ባለቤቱንም ያደናግራል። «መጋዘን፥ ዛሬ የሚጫን» ቢባል ግን አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ እንኳ ሳይጠይቅ ይረዳዋል።

ሥራን ለማስተዳደር ተብለው የተሠሩት ሶፍትዌሮች ከሰንጠረዥ ይልቅ ይሰፋሉ። በጉግል ሺትስ አንድ ዓምድ ቢደበቅ ለሁሉም ይደበቃል፤ እንደ ኤርቴብልና ኖሽን ባሉት ግን በአንዱ እይታ የተደበቀው ዓምድ በሌላው እይታ ሊታይ ይችላል። በኤርቴብል ደግሞ እይታው የጋራ፥ የግል ወይም የተቈለፈ እንዲሆን መምረጥ ይቻላል፤ የተቈለፈውን እይታ ቍልፉ ሳይነሣ ማንም አያፋልሰውም። የሠራተኛው ቍጥር ጥቂት ለሆነ ሱቅ የጋራ ሰንጠረዡ ይበቃል፤ ሥራው ሲበዛ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል።

የፊደልና የቀን ጉዳይ

በአማርኛ መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁለት ወጥመዶችን ይጠንቀቅ።

የመጀመሪያው የፊደል ነው። እኛ ስናነብ «ሐሙሲት» እና «ሀሙሲት»፥ «ነፋስ መውጫ» እና «ንፋስ መውጫ» አንድ ስፍራ እንደ ሆኑ እናውቃለን፤ ኮምፒዩተሩ ግን ልዩ ልዩ ቃል አድርጎ ይቈጥራቸዋል። «ደብረ ታቦር» ተለያይቶና «ደብረታቦር» ተጣብቆ ሲጻፍም እንዲሁ ነው። በአንዱ አጻጻፍ ያጣራ ሰው በሌላው የተጻፈውን ትእዛዝ አያገኝም፥ እንደ ጐደለበትም አያውቅም። መድኃኒቱ፥ የከተማውን፥ የዕቃውንና የደረጃውን ስም እያንዳንዱ እንደ ልቡ እንዳይጽፍ፥ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ዝርዝር እየመረጠ እንዲያስገባ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የቀን ነው። ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው የሚያውቁት የፈረንጁን ዘመን አቈጣጠር ብቻ ነው። «ሰኔ 12» ብለን ብንጽፍ እንደ ተራ ቃል ይቀበለዋል። ስለዚህ ሲደረድር በፊደል ተራ ስለሚሄድ ሐምሌን ከሰኔ ያስቀድማል፥ «ሰኔ 12»ንም ከ«ሰኔ 2» በፊት ያደርገዋል። እኛ ሁለት ዓምዶች አደረግን፤ በአንዱ ለመደርደር የፈረንጁ ቀን፥ በሁለተኛው ለንባብ የኢትዮጵያ ቀን ይጻፋል። ለምሳሌ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረንጁ ጁን 19 ቀን 2025 ነው። የበጀት ዓመት በሰኔ 30 ስለሚዘጋ፥ በዚህ ወር የቀን መዛነፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ማጋራትና መጠበቅ

እይታው ከተሰናዳ በኋላ ለባለሥራው ማካፈል ይገባል። እያንዳንዱ የማጣሪያ እይታ የራሱ ሊንክ ስላለው፥ ሊንኩን ለባለሥራው መላክ ይቻላል። የእኛ መጋዘን ጠባቂ ዛሬ አንድ ጊዜ በመንካት የራሳቸውን መስኮት ይከፍታሉ፤ ሌላውን አይነኩም፥ ሌላውም አይነካባቸውም።

ነገር ግን ማሳየትና መፍቀድ ይለያያሉ። ማን ይመልከት፥ ማን አስተያየት ይጻፍ፥ ማን ይለውጥ የሚለው በፈቃድ የሚወሰን ነው። ሁሉም እንዲለውጥ የተፈቀደበት መዝገብ በር የሌለው መጋዘን ነው። ደግሞም የተሰወረ ነገር ሁሉ የተጠበቀ አይደለም። በማጣሪያ እይታ ያልታየውን ረድፍ፥ መዝገቡን እንዲያይ የተፈቀደለት ሰው እይታውን ዘግቶ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ የተገዛበትን ዋጋ ከሻጭ ሠራተኛ ወይም ከደንበኛ መሰወር የሚሻ ነጋዴ፥ በእይታ አይተማመን፤ በሌላ ፋይል ለብቻው ይያዘው። ጂራ በሚባለው ፕሮግራም ነገሩ ይለያል፤ የተጋራውን ማጣሪያ የተቀበለ ሰው ቀድሞ የተፈቀደለትን ጉዳይ ብቻ ያያል። እንግዲህ እያንዳንዱ ነጋዴ የያዘውን ፕሮግራም ጠባይ አስቀድሞ ይመርምር።

«ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ ይመልከት» የሚለውን ፈቃድ የሚሰጥ ሰውም ያስብበት። በቴሌግራም የተላከ ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ከእርሱም ጋር የደንበኞች ስም፥ ስልክና ዕዳ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲይዝ ግዴታ አለበት ይላል። ሠራተኛም ሥራ ሲለቅ፥ የመጋዘኑን ቍልፍ እንደምንቀበለው ሁሉ የመዝገቡን ፈቃድ በዚያው ቀን ማንሣት ይገባል።

መስመሩ ሲቋረጥ

በመጨረሻም፥ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ መዝገቡን በሩቅ ብቻ ያኖረ ነጋዴ ተቸገረ። እኛ ዛሬ ዘወትር ቅዳሜ ማታ የመጋዘኑንና የገንዘብ ያዡን እይታ በወረቀት አትመን በፋይል እናኖራለን። መስመሩ ቢቋረጥ በወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ እንጽፋለን፤ ሲመለስም አንድ ሰው ብቻ ወደ መዝገቡ ያስገባዋል። ወረቀቱ ከእይታው ስለሚታተም አጭር ነው፥ ባለሥራውም የሚፈልገውን ብቻ ይዟል።

ክቡራን ነጋዴዎች፤ ይህን ሁሉ ለማሰናዳት እኛን የፈጀብን ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ ማለዳ እያንዳንዳችሁ ከሠራተኞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ፥ «አንተ መዝገቡን የምትከፍተው ምን ለማወቅ ነው? አንቺስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት፤ እያንዳንዱ መልስ አንድ መስኮት ይሆናል። ያ የነፋስ መውጫ ደንበኛ ባለፈው ሚያዝያ ተመልሶ ለወንድሙ ቤት ቆርቆሮ ከእኛ ገዛ። ጋሼ በመስኮታቸው አይተው ራሳቸው አስጫኑለት፤ ሲነግሩኝም፥ «አሁንስ አለ፤ አየሁት» አሉኝ።