በምክር አገልግሎት ትምህርት የሜንተርሺፕ ግንኙነት ምንነትና አተገባበር

የምክር አገልግሎት (ካውንስሊንግ) ባለሙያ በጭንቅ ውስጥ ያለን ሰው የሚያዳምጥ፣ ምስጢሩንም የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። ይህ ክህሎት በንባብና በፈተና ብቻ የሚገኝ አይደለም። በመሆኑም ሙያው በሚሰጥባቸው የትምህርት ክፍሎች ልምድ ያላቸው መምህራን ተማሪዎችንና ጀማሪ መምህራንን በቅርበት የሚደግፉበት የሜንተርሺፕ ግንኙነት አስፈላጊ ነው።

ሜንተር ማን ነው?

ሜንተር ከሌሎች ኃላፊነቶች ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ጥናቱን ይመራል። ሱፐርቫይዘር ሠልጣኙ ለተገልጋዮች የሚሰጠውን አገልግሎት ይከታተላል፣ ይመዝናል፤ የተገልጋዮችን ደኅንነት የማስጠበቅ ኃላፊነትም አለበት። ሜንተር ግን ትኩረቱ የሠልጣኙ ወይም የጀማሪ መምህሩ ሙያዊ ዕድገት ነው።

ለአብነት በአሜሪካ የካውንስሊንግ ሥልጠናዎችን ዕውቅና የሚሰጠው ካክሬፕ የተሰኘው ተቋም፣ ሠልጣኞች በኢንተርንሺፕ ወቅት 600 ሰዓት እንዲሠሩና ከዚህም ቢያንስ 240ው ከተገልጋይ ጋር በቀጥታ የሚውል እንዲሆን፣ ሳምንታዊ ሱፐርቪዥን እንዲያገኙም ያስገድዳል። ይህ የአገልግሎቱን ጥራት ያስጠብቃል እንጂ የሜንተርን ድርሻ አይተካም።

ድጋፉ ምን ያካትታል?

ተመራማሪዋ ካቲ ክራም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባሳተሟቸው ሥራዎች ሜንተርሺፕ ሁለት ዓይነት ድጋፍ እንደሚሰጥ አስረድተዋል። አንደኛው የሥራ ዕድገትን፣ ሁለተኛው ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ድጋፍን ይመለከታል። ጀማሪ መምህር ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ በዚህ ላይ ችግራቸውን የሚያዋዩት ተማሪዎች ይኖራሉ። ብቻውን ከተተወ የሚጎዳው እሱ ብቻ ሳይሆን እርዳታ ፈልገው ወደ እሱ የሚመጡት ጭምር ናቸው።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• የመገናኛ ጊዜ፣ ዓላማ፣ የምስጢር ወሰንና ግንኙነቱ የሚጠናቀቅበት ሁኔታ ከመነሻው በጽሑፍ ስምምነት ሊደረስባቸው ይገባል።
• ሜንተር የተማሪው የሥነ ልቦና ሐኪም አይደለም። ተማሪው የግል ሕክምናዊ ምክር ካስፈለገው ወደ ሌላ ባለሙያ መምራት ተገቢ ነው።
• በውይይት ወቅት የተገልጋዮችን ማንነት የሚገልጽ መረጃ መነሳት የለበትም።
• ውጤት የሚሰጥ ወይም የደረጃ ዕድገት የሚወስን ኃላፊ በተቻለ መጠን ሜንተር ባይሆን ይመረጣል፤ ድክመትን በግልጽ መናገር የሚቻለው ያለ ስጋት ሲሆን ነውና።
• ግንኙነቱ ካልተስማማ ወይም ሥልጣንን ያለአግባብ የመጠቀም ምልክት ከታየ፣ ተማሪው ወይም ጀማሪ መምህሩ ያለ ምንም ቅጣት ሜንተር የመቀየርና አቤቱታ የማቅረብ ዕድል ሊኖረው ይገባል።

የትምህርት ክፍሎች የሜንተርነትን ጊዜ እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን እንደ መደበኛ የሥራ ጫና ሊቆጥሩት ይገባል። ጊዜ ያልተመደበለት ድጋፍ በስም ብቻ ይቀራል። ተማሪዎችና ጀማሪ መምህራንም ሜንተር እስኪመደብላቸው ሳይጠብቁ፣ ድጋፍ የሚሹበትን ጉዳይ ለይተው ለትምህርት ክፍላቸው ቢያቀርቡ መልካም ነው።