ከጉና ግርጌ እስከ ፎገራ ዋልካ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህች አጭር ርቀት ተጓዡ ከ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,800 ሜትር ይወርዳል። ሲነሣ የተከናነበውን ጋቢ ዓለም በር ላይ አውልቆ ያጥፈዋል፤ ከድንችና ከገብስ አገር ወጥቶም የሩዝ አገር ይገባል። አፈሩም አብሮት ይለወጣል፤ ላይ ቀይ ነው፣ ታች ጥቁር ዋልካ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ጉና ርብንና ጉማራን ይለቃል፤ ሁለቱም የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የተተከለው በዚህ ቁልቁለት አናት ላይ ነው። ተማሪ መቀበል የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ስለሆነ በዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ገና ልጅ ነው። የምህንድስና ክንፉ የጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። የግብርና፣ የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ኮሌጆች አሉት፤ የጉና ጣና የተቀናጀ የመስክ ምርምርና ልማት ማዕከል የሚባልም አለው። ከሁሉም ስሞች ይሄኛው ደስ ይለኛል፤ የተራራውንና የሐይቁን ስም አንድ ላይ ማሰር ስለ ቦታው ብዙ የገባው ሰው ሥራ ነው። የኮሌጆችን ዝርዝርና የተመራቂ ቁጥር ለምረቃ መጽሔት እንተወውና ይህ ቁልቁለት ለተመራማሪ ምን እንደሚያቀርብለት እንይ።

ከላይ እንነሣ። በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው የፋርጣ ወረዳ ቀይ አፈር ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን የዘመናት ዝናብ እያጠበ ስለወሰደበት አሲዳማ ሆኗል። አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟና የተክሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱም በአሉሚኒየምና በብረት ይያዝና ለሰብሉ አይደርስም። ማዳበሪያ ገዝቶ የበተነ ገበሬ ገብሱ ሲቀነጭርበት የተሸጠለትን ማዳበሪያ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ኬሚስትሪው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ጭነቱ ነው። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈለጋል፣ ማሳው ደግሞ መኪና የማይወጣበት ተረተር ላይ ነው።

ይኸው ቀይ አፈር ሰውንም ይነካል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ደጋ ሲሠሩ፣ ትል ወይም ትንኝ በሌለበት አገር የገበሬ እግር ለምን እንደሚያብጥ መረመሩ። ያገኙት መልስ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ነበር። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ የሚሰርገው የአፈሩ ብናኝ የሊምፍ ሥሮችን እያቆሰለ ይዘጋል። በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት፤ አገሬው ዝሆኔ ሲል ከሌላው የእግር እብጠት ጋር አንድ ላይ ይጠራዋል። መከላከያው ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። የአፈር ተማሪውና የጤና ተማሪው አንድን ናሙና ለሁለት ቢካፈሉት የሚያስገርም አይሆንም ነበር።

ደጋውን ከመልቀቃችን በፊት አንድ መደርደሪያ እንይ። ለዘር የተቀመጠ ድንች ጨለማ ቤት ውስጥ ከተከመረ ነጭ፣ ረጅምና በቀላሉ የሚሰበር ጎንቁል ያወጣል፤ ለተከላ ሲነሣ ግማሹ ይቀነጠሳል። ስለዚህ ከግንድና ከጣውላ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ፣ ጣሪያው ሣር፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ብርሃን ግን የሚገባው ማከማቻ ተበጀ። ሐሳቡን በብዙ አገር ያስፋፋው መቀመጫው ፔሩ የሆነው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ነው። ብርሃን ያገኘ ድንች ይወይብና አረንጓዴ ይሆናል፤ ጎንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ይወጣል። አረንጓዴነቱ ሶላኒን የሚባል መራራ መርዝ መጨመሩን ያሳብቃል፤ ለወጥ የማይሆነው ለዘር ሸጋ ነው። የቤቱ እመቤት የዘሩን ድንች ከምግቡ ለይታ የምታስቀምጠው ሶላኒን የሚለውን ስም ሰምታ አይደለም፤ ቀምሳው ነው። በአንድ የእንጨት ቆጥ ላይ ምህንድስናም የተክል ኬሚስትሪም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አሁን እንውረድ። ዋልካ ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የፎገራ ሜዳ ክረምቱን በጎርፍ ተኝቶ ይከርምና ውኃው ሲሸሽ እርጥበቱን ለወራት አምቆ ይይዛል። በዚያ እርጥበት ላይ፣ ያለ ተጨማሪ ዝናብ፣ ያለ ማዳበሪያ፣ ብዙ ጊዜም ያለ በቂ እርሻ የሚዘራው ጓያ ነው። ሌላው ሰብል በድርቅ ሲከዳ ጓያ አይከድም። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ከታማኝነቱ ነው።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። የሕንድ ኬሚስቶች ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው አንድ ቀን ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እግሮቹ ይገተራሉ፣ ሲራመድ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ቀለል ያለበት በአንድ ምርኩዝ፣ የባሰበት በሁለት ይሄዳል፣ የከፋበት ይድሃል። አእምሮው አይነካም፤ እግሩም አይመለስም። የሚበዙት ወጣት ወንዶች ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር፤ በኋላም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሁለቱ አካባቢዎች ቤት ለቤት ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል።

ኬሚስት ብቻውን ቢጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል፣ ስለዚህ ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፣ ቀቅላችሁ ድፉት። በረሃብ ዓመት ግን ውኃው ሩቅ ነው፣ ማገዶ የለም፣ የሚደፋ ነገር ደግሞ ለዓይን ይከብዳል። ይህን ገደብ ከሁሉ በተሻለ ያሳየው ሐኪሙ ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከቤልጂግ ባልደረቦቹ ጋር የሠራው ጥናት ይመስለኛል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት ውስጥ ወረርሽኙ ሲነሣ ቡድኑ የጠየቀው ሰው ምን ያህል ጓያ በላ የሚለውን ብቻ አልነበረም፤ እንዴት አድርጎ እንደበላውም ጠየቀ። እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን ያዘወተረ ተጎዳ። በሽሮ መልክ የበላው በአንጻሩ ተረፈ። ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ የበላውም እንዲሁ፤ እህሎቹ ሰልፈር ያላቸውን አሚኖ አሲዶች ስለሚሰጡ ጓያ የጎደለውን ይሞላሉ። ሽሮው ውስጥ የሚገቡት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። የዚህ ግኝት ትርጉም ለዕርዳታ አከፋፋይ ግልጽ ነው፤ ጓያ በሚበላበት አገር የዕርዳታ እህል ዘግይቶ መድረስ የሚያስርበው ሆድን ብቻ አይደለም፣ እግርንም ይወስዳል።

በገጠሩ ግን በሽታው የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ነው፣ ገለባው ላይ ከመተኛት ነው የሚል እምነት አለ። ተመራማሪ ይህን ሰምቶ ፈገግ ሊል ይችላል። እኔ ግን እምነቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም፤ ጓያን ለዘመናት ሲበላ የኖረ ሰው ምግቡን ከመክሰስ ጭሱን ቢከስ ይሻለዋል። የመርዙ መጠን አነስተኛ የሆነ ዋሴ የተባለ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቅቋል። ችግሩ ኦዳፕ በዘር ብቻ አይወሰንም፤ ድርቅ ሲበረታ፣ አፈሩ ዚንክ ሲያንሰው ይጨምራል። ስለዚህ ጥናቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ከራሱ ከዋልካው ጋር መነጋገር አለበት።

ዋልካው ሌላም ነገር ያሳድራል። በ1997 ዓ.ም. ከፎገራ ጋር በሚዋሰነው በሊቦ ከምከም ወረዳ ትኩሳት የማይለቃቸው፣ ጣፊያቸው ያበጠ፣ ሰውነታቸው የመነመነ ሰዎች በዙ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ወባ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አልያዘም። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር እስከዚያ ድረስ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነበር፤ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ወይና ደጋ ላይ ይነሣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ማከሚያ ከፈቱ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ገደማ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታከሙ። ካልታከመ የሚገድል በሽታ ስለሆነ ሰው በቃሬዛ እየተጫነ ይመጣ ነበር።

እንዴት ወጣ? ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ ወደ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ተሐዋሲውን ይዘውት መመለሳቸው ይታመናል። ነገር ግን የሚያዛምተው ባይኖር እዚያው በቀረ። የምታዛምተው የአሸዋ ዝንብ ማረፊያዋ የዋልካ ስንጥቅና የግራር ሥር ነው። ታማሚዎችን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት ለአደጋ የሚያጋልጡትን ነገሮች ለየ፦ ግራር ሥር መተኛት፣ ሌሊት ደጅ ማደር፣ ውሻ ማሳደር። ይህን ዝርዝር ለጤና ባለሙያ ብቻ መስጠት ከንቱ ነው። ግራር ሥር የሚያርፈው ከብት ጠባቂ ነው፤ ደጅ የሚያድረው አዝመራውን ከአውሬ የሚጠብቅ ወይም ቤቱ ከሙቀት የተነሣ አላስተኛ ያለው ነው። ቤቱን የሚያሻሽለው ሐኪም አይደለም፣ ግንበኛና መሐንዲስ ነው። ከብቱን ከግራሩ የሚያርቀው የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነው።

ከብቱ ከተነሣ፣ የፎገራ ከብት በአገሪቱ ከሚታወቁት የወተት ከብቶች አንዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ረግረግና ዝንብ የሚችል። ይኖርበት የነበረው የጎርፍ ግጦሽ ግን ዛሬ ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያስተዋወቁት ሩዝ ኤክስ ጅግና በሚባል ዝርያ ሜዳውን ያዘው፤ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ሰው ተጠቀመ፣ ላሟ ግን ሣሯን አጣች። የቀራት የሩዝ ገለባ ነው፤ እሱም ጠንካራና ሲሊካ የበዛበት በመሆኑ አይፈጭላትም።

መፍትሔው በየማሠልጠኛው ይነገራል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ ተሟሙቶ 100 ኪሎ ገለባ ላይ ይረጫል፤ ገለባው ተጠቅጥቆ በላስቲክ ይታፈንና ለ21 ቀን ይቆያል። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተለውጦ የገለባውን እንጨትማ ማሰሪያ ያላላል፤ በላሟ የመጀመሪያ ጨጓራ ውስጥ ላሉት ተሐዋስያንም ናይትሮጅን ይሰጣል። ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፤ ለአንድ ሌሊት ካልተናፈሰ ላሟ አትነካውም። ይሠራል? ይሠራል። ገበሬው ግን ወረፋ ተሰልፎ የገዛውን ዩሪያ ከማሳው ነጥቆ ለገለባ እንዲሰጥ ሲጠየቅ ያመነታል፤ የማመንታቱ ሒሳብም ትክክል ነው። የሚጠና ነገር ካለ የቀረው ይህ ሒሳብ ነው እንጂ አሞኒያው አይደለም።

ምህንድስናው የመጨረሻ ሆኖ ቢመጣ ኢንስቲትዩቱ ስሙን የወሰደው ከጋፋት መሆኑን ማለፍ አይቻልም። አፄ ቴዎድሮስ ከስዊስ ባዝል አቅራቢያ የመጡትን የክሪሾና ሚሲዮን ባለእጆች መድፍ ያስቀለጧቸው ደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር፣ ጋፋት ላይ ነው። ትልቁ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር። ሁሉ የሚያወራው ስለ መድፉ ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው ሥራ መድፉ የተጎተተበት መንገድ ነው፤ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጅጣንና የበሽሎን ገደል አቋርጦ እስከ መቅደላ ድንጋይ እየተፈነቀለ ለወራት የተቀደደ መንገድ።

የዛሬው ጋፋት ፈተናም መንገድ ነው፣ ያውም ዋልካ ላይ። እያበጠ የሚሰበሰብ አፈር አስፋልት ይሰነጥቃል፣ የቤት መሠረት ያጋድላል። አንዱ መላ አፈሩን በኖራ ማጠንከር ነው። ላይ ለፋርጣ ገብስ የሚበተነው ጥሬ የተፈጨ ድንጋይ ነበር፤ እዚህ የሚፈለገው የተቃጠለ ኖራ ነው፣ ዋጋው ይወደዳል። ኖራውን በከፊል ሊተካ የሚችል ነገር ግን ወረታ ወፍጮ ቤቶች ደጅ ተቆልሏል። ከሩዙ ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ገለፈት ነው፤ ገለፈቱ ሲቃጠል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል አመድ ይቀራል፣ ከአመዱም 85 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሲሊካ ነው። ይህ ሲሊካ ከኖራ ጋር ተዋህዶ እንደ ሲሚንቶ ያስራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ገለፈቱ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ሙቀቱ ተቆጥሮ መቃጠል አለበት። ከዚያ ካለፈ ሲሊካው ወደ ክሪስታል ይለወጥና ከኖራው ጋር መዋሃዱን ይተዋል። ደጅ ላይ ተቆልሎ በራሱ የሚጨስ ክምር መሐሉ ይግላል፣ ዳሩ ይበርዳል፤ ከአንዱ ክምር የተዘገነው አመድ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። እንዲህ ባለ አመድ የሚገኝ የቤተ ሙከራ ውጤት አንዱ ዓመት ከሌላው አይገጥምም፣ የመንገድ ተቋራጭም አያምነውም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሙቀቱ የሚለካ፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚቆም፣ በአገር ብረት የሚበየድ ምድጃ ነው። ሙቀቱም ለቀቀል ሩዝ ማድረቂያ ሊውል ይችላል።