«ፓተንት ሳላወጣ ጌሜን አላሳይም»፦ ተረቱና እውነታው

ጎንደር ውስጥ የብራውዘር ጌም የሚሠሩ ወጣቶችን ያነጋገረ ሰው አንድ አባባል ሳይሰማ አይመለስም፦ «ፓተንት ሳላወጣ ለማንም አላሳይም፤ ሐሳቤን ይወስዱብኛል።» በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማረውም፣ ፒያሳ ኮምፒውተር ቤት የሚሠራውም ይህንኑ ይላል። በዚህ እምነት የተነሳ ጂዴቨሎፕ ወይም ኮንስትራክት በተባሉ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮች ተሠርተው ለማለቅ ጥቂት የቀራቸው ጨዋታዎች ፍላሽ ላይ ሲቀሩ አይቻለሁ። ፍላሹ ይበላሻል፤ ልጁ ተመርቆ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ጨዋታውም ከሠሪው በቀር ማንም ሳይጫወተው ይቀራል። በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው ፈጽሞ በሌለ ነገር ምክንያት መሆኑ ነው።

ለጌም ፓተንት አይሰጥም። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አንቀጽ 4 ፓተንት የማይሰጣቸውን ነገሮች ሲዘረዝር የጨዋታ ሕጎችንና ዘዴዎችን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችንም ለይቶ ጠቅሷል። የብራውዘር ጌም ሁለቱም ነው። ስለዚህ «ፓተንት አስወጣላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ሕጉ የማይሰጠውን ነገር እየሸጠላችሁ ነው። ይህን ምክር በየሥልጠናው የሚያስተጋቡ ሰዎች አዋጁን ገልጠው አለማንበባቸው ይቅርታ የሚደረግለት ስንፍና አይደለም፤ የልጆች ልፋት እየባከነበት ነው።

ጌማችሁን የሚጠብቀው የቅጂ መብት ነው፤ እሱም ቀድሞውኑ በእጃችሁ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና እንደ ሥዕል ሁሉ ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። የራሳችሁ ወጥ ሥራ እስከሆነና ኮምፒውተራችሁ ላይ እስከተቀመጠ ድረስ መብቱ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ የእናንተ ነው፤ በሕይወት ዘመናችሁና ከዚያ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል እንጂ መብቱን የሚወልደው ምዝገባው አይደለም።

ፍርሃቱ ግን ከምንም የመጣ አይደለም። አዋጁ ሐሳብን አይጠብቅም። ጭላዳ በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ እየዘለለች የምትሮጥበት ጌም ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ሌላውም የራሱን ጭላዳ ሥሎ ሊያስሮጥ ይችላል። ቅኔ ጌምስ የተባለው ኩባንያ የሠራውን «ኩኩሉ» ተመልከቱ። ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበት ይህ የሞባይል ጨዋታ ከመውጣቱ በፊት ማለቂያ የሌለው ሩጫ በዓለም ዙሪያ የታወቀ የጌም ዓይነት ነበር። ሩጫው የማንም አይደለም፤ ዶሮዋ፣ ሥዕሉ፣ ሙዚቃውና ኮዱ ግን የሠሪዎቹ ናቸው።

ድንበሩ አንዳንዴ የሚያምም ነው። «ስሪስ» የተባለውን የቁጥር ጨዋታ ሠሪዎቹ ከዓመት በላይ ለፍተውበት እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ አወጡት። በሳምንታት ውስጥ የ19 ዓመቱ ጣሊያናዊ ጋብሪኤሌ ቺሩሊ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ በብራውዘር የሚሠራውን «2048» ለቀቀ፤ ዓለምን ያዳረሰውም ይኸኛው ነው። የስሪስ ሠሪዎች ቅሬታቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ የጨዋታው ሕግ ግን የግል ንብረት አልነበረም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የቴትሪስን መልክ እንዳለ የገለበጠ ኩባንያን ጥፋተኛ ብሎታል። ያ ፍርድ የእኛን ዳኞች አያስገድድም፤ በሐሳብና በአገላለጽ መካከል ያለው ልዩነት ግን በእኛም አዋጅ አለ።

«ኮዱ ለማንም ይታያል» የሚለው ስጋትም እውነት ነው። የብራውዘር ጌም ሲከፈት ኮዱም፣ ምስሉም፣ ድምፁም ወደ ተጫዋቹ ማሽን ይወርዳል። ኮዱን አሳጥሮና አወሳስቦ ማውጣት፣ ከተፈቀደለት ድረ ገጽ ውጭ እንዳይከፈት ማሰር ሰነፍ ሌባን ያደክማል፤ ቆራጡን አያቆምም። ሆኖም «ወርድል» የተባለው የቃል ጨዋታ የየዕለቱን መልስ ሁሉ በገጹ ኮድ ውስጥ ይዞ ሳለ ነው ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ የገዛው። ገዢው የፈለገው ሕዝብ የወደደውን ጨዋታ ነው፤ ሕዝብ ደግሞ ያላየውን አይወድም።

እውነተኛው አደጋ ያለው ማንም በማያስፈራራችሁ ቦታ ነው። አንድ ሆቴል ወይም አስጎብኚ ድርጅት ለጥምቀት እንግዶች ስለ ፋሲል ግቢ ትንሽ የብራውዘር ጌም እንድትሠሩለት ቢያዝዛችሁ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራው ሥራ ባለቤት አሠሪው ነው። ገጸ ባሕርዩን ለሌላ ጌም ልትጠቀሙበት ስትሞክሩ «የእኔ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ከሌባ ስትሸሸጉ የምታጡት በፊርማችሁ፣ ወይም ባለመፈረማችሁ ይሆናል። ፈቃድ ስትሰጡም እንዲሁ ነው፦ ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ ሌላ በር ይዘጋባችኋልና ዋጋው ከፍ ማለት አለበት፤ ለብዙዎች የሚሰጠው ግን ለአንዱ ገጽም ለሌላውም ደጋግሞ ይሸጣል። የትኛው እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ።

የቀሩት ተረቶች ብዙ ቦታ አያስፈልጋቸውም።

«በሶፍትዌሩ የሠራሁት ጌም የሶፍትዌሩ ባለቤት ንብረት ነው» ይባላል። አይደለም፤ ጌሙ የእናንተ ነው። የመሣሪያውን ውል ማክበር ግን ግዴታ ነው። ጎዶ የተባለው የጌም መሥሪያ የሚለቀቀው በኤምአይቲ ላይሰንስ ስለሆነ በጌማችሁ ብትነግዱም ድርሻ አይጠይቃችሁም። ስክራች በተባለው መድረክ ላይ ያጋራችሁትን ደግሞ ሌላው ምንጩን ጠቅሶ ሊያሻሽለው ይችላል። ነፃ መሣሪያ እያለ በክራክ መሥራት ምንም ምክንያት የለውም፤ ገዢ ሲመጣ «መብቱ ሁሉ የእኔ ነው» ብላችሁ በንጹሕ እጅ መፈረም አትችሉም።

«ኢንተርኔት ላይ ያለ ምስል የሁሉም ነው» የሚለውም ውሸት ነው። ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ላሠራው ግንብ የቅጂ መብት የሚጠይቅ የለም፤ ፎቶው ግን የአንሺው ነው። ግንቡ እዚሁ ነው፤ ሄዳችሁ ራሳችሁ አንሡት። የአዝማሪ ማሲንቆ ቀድታችሁ ስታስገቡም ከአዝማሪው ፈቃድ ጠይቁ፣ ክፈሉትም።

«የብራውዘር ጌም ያለ ኔት አይሠራም» የሚሉም አሉ። አንዴ ከወረደ በኋላ ብራውዘሩ ፋይሎቹን እንዲይዛቸው አድርጎ ማውጣት ይቻላል፤ ኔት ለወራት ተዘግቶበት ለሚያውቅ ክልል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስም ግን ምዝገባ ይፈልጋል። የጌማችሁ ስምና ዓርማ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ሲመዘገብ ለ7 ዓመት ይጠበቃል፤ ይታደሳልም። ለፓተንት ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ካለ ለዚህ አውሉት።

ፍላሽ ላይ ያለውን ጨዋታ ዛሬ አውጡትና ሰው ይጫወተው፤ የሥራውን ፋይሎችም ከነቀናቸው በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ጌም ያዘዛችሁ ሰው ካለ ደግሞ አንድ መስመር ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ባለቤትነቱ የማን እንደሚሆን በወረቀት ተፈራረሙ።